ፀሐይ በጸሎቱ ጸ

ታኅሣሥ ነው፤ ጠባሴ፤ ውርጩ ሳር አንጥቷል፣
የበሩ ቁልፍ እንኳ እጅ ይዞ ቀርቷል።
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ስሞች፣
የሱፍ ፈታይ ሁሉ፣ እናቶች፣ ልጃገረዶች፣
ከአራት ደብተር ለቅሜ፣ በጃቫ ሊስት አድርጌ፣
ሦስት ሌሊት ሠራሁ፣ መፈለጊያ ፈልጌ።

ማሽኑ ከዜሮ ይቆጥራል።
ሊቀመንበሯን እንግዳወርቅን፣ የመዝገቡን መጀመሪያ፣
ዜሮኛ ሆና ሳሳያት ሣቀች፤
«ወይዘሮ ማለት ለካ ወይ ዜሮ ነው!» አለች።

ዛሬ ጧት አንዲት ሴት ከበሬሳ ማዶ መጣች፣
እንዝርቷን በነጠላዋ ጫፍ እንደቋጠረች።
ድርሻዬን፣ አለች።
ስም?
«ፀሐይነሽ ሰይፉ።»
ጻፍኩት፤ ጣቶቼ በብርድ እየተንሰፈሰፉ።

ሮጠ፤ ወረደ፤ ከላይ እስከ ታች፤
መልሱ፦ ከዜሮ በታች አንድ።
የለችም ማለት ነው። ፊቴ ቆማ ሳለች፣
ዜሮ እንኳ አልሆነች፣ ከዜሮም አንሳለች።

መጀመሪያ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አልዋሽም፤
ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የእኩል ምልክቶች ስም አይጠይቁም፤
«አንድ ጣሪያ ሥር ናችሁ ወይ?» ነው የሚሉት፤
ስሙ አንድ ሆኖ ቤቱ ከተለየ፣ ዘመድ አይሉት።
አረምኩት። ኢኳልስ አልኩ፣ ፊደል በፊደል ይይ ብዬ፤
ዳግመኛ የለችም። «ትንሽ ይታገሡኝ፣ እትዬ።»

ስሟን ቆረጥኩት። «ፀሐይ» በሆዱ ያለው ሁሉ ይውጣ አልኩ፤
የጫጫዋ ፀሐይወርቅ ወጣች፣
አምና ያረፈችው ብዙፀሐይ ወጣች፣
እሷ ግን አልወጣች።
በብርሃን ደብር ተቀምጬ፣ ፀሐይ አጣሁ ስል፣
እሷ ወንበሯን ጎትታ መስኮቱ ሥር ሄደች፣
ከውጭ የመጣችው ትንሽዬ ሙቀት ላይ እንዝርቷን አሾረች።

በመጨረሻ ደብተሩን በዓይኔ ገለጥኩ።
ሦስተኛው፣ ገጽ ሠላሳ፣ ሻይ የፈሰሰበት፦
አንዱ ጸሐፊ ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ጽፏታል፣
ሐመሩን ሐ ትቶ ሃሌታውን ሰጥቷታል፤
ሌላው ደብተር ላይ ብዙኃኑ ኀ አለ፤
ሰይፍ ሦስተኛው ዘንድ፣ እሳቱን ጥሎ፣ ንጉሡን ሠ ተከተለ።
አንድ ሱፍ የተሸከመች ጀርባ፣ ሦስት ባዕድ ሴት ሆና
በሦስት መስመር ተኝታለች፣ እርስ በርሷ ሳትተዋወቅ።

«እትዬ፣ ስምዎ በሦስት ዓይነት ፊደል ሰፍሯል።»
«ፊደሉን አላውቀው» አለች፣ ክሩን ሳትለቅ፣
«በየትኛውም ጥራኝ፤ አቤት እላለሁ።»

ያኔ ነው የገባኝ፤ ያ የለፋሁበት
ዓይን ብቻ ነው ለካ፣ ጆሮ የሌለበት።

ጆሮ ልሠራለት ጀመርኩ። ሐም ኀም ሀ ይሁኑ፣
ፀ ጸ ይሁን፣ ዐ አ ይሁን፤
ሠ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።
የኔታ ላቀው ለአንዲት ሠ ጆሮዬን ቆንጥጠውኛል፣
ሃያ ዓመት አልፎት፣ ዛሬም በውርጭ ይለበልበኛል።
ይቅር ይበሉኝ። ደብተሩን አልነካሁም፣
ከተጻፈው ስም ላይ አንዲት ሠ አልፋቅሁም፤
ሲያነጻጽር ብቻ፣ ለአንድ አፍታ፣
ዓይኑን ጨፍኖ እንዲሰማ፣ እንደ ሰው በጨለማ።

ሰማንያ ስምንት። ስድስት መቶ ዐሥራ አንድ።
አንድ ሺህ መቶ አርባ።
ዐሥራ አንድ ኪሎ፣ ዘጠኝ ኪሎ፣ ዐሥራ አራት፤
ሠላሳ አራት ኪሎ ክር፣ አንዲት ሳንቲም ያልተከፈለባት።

ብሩን ሁለቴ ቆጠረች፤ እኔን አላመነችም፤ ደግ አደረገች።
ማኅተሙን መታሁላት፦ «ደብረ ብርሀን» ይላል፤
በር ላይ ያለው ታፔላ «ብርሃን» ይላል፤
ዝም አልኩ።

ዘበኛው ጌጡ ከደጅ ቀጣዩን ስም ጠራ፦
«የሺመቤት!»
ሁለት ሴቶች አቤት አሉ።